ማሽኑን ከፋይሉ ጋር ማመሳከር

አንበሳሜ፣ ህዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የገንዘብ ክፍሉ ማሽን ሲከፈት ፓስወርድ አይጠይቅም። የመዝገብ ቤቱ ይጠይቃል፤ ፓስወርዱ ግን በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። የሰው ሀብቱ ላፕቶፕ ላይ ያሉት አካውንቶች በሙሉ አድሚን ናቸው፤ አንደኛው መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ሰው የቀረ ነው። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው፣ በአንድ ሰሞን የተገዙ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ። ቅንብራቸው ግን የአንዱ ከሌላው አይገናኝም።

እንዲህ የሆነው በማንም ክፋት አይደለም። ማሽን ሲበላሽ ከሐሙሲትም ይሁን ከባሕር ዳር ባለሙያ ይጠራል፤ ፎርማት ያደርጋል፣ ኦፊስና የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ ይጭናል፣ ፕሪንተሩን ያገናኛል፣ ይሄዳል። ምኑን ከፍቶ ምኑን እንደዘጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ በራሱ ልማድ ይሠራል። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ያለው የደራ ወረዳ ገበሬ ስም፣ የማሳው ስፋት፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የስልክ ቁጥሩ ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ የሰጠው መንግሥት ጠየቀኝ ብሎ ነው፤ ማን እንደሚያየው የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ጥበቃ እንዲያደርግለት ግዴታ ጥሏል። አዋጁ ከአዲስ አበባ ቢወጣም የሚፈጸመው እዚህ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በዚያ ላይ ጊዜው ጠቧል። ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። አዲስ ማሽን የሚገዛበት በጀት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እስከዚያው ያሉትን ማሽኖች በልኩ ማጥበቅ አለብኝ፤ አንድ በአንድ በእጅ እየነካካሁ ሳይሆን በአንድ ፋይል።

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ፋይሉ ሴኩሪቲ ቴምፕሌት ይባላል፤ ስሙን ሲሰሙት ከባድ ነገር ይመስላል። በኖትፓድ ሲከፈት ግን ተራ ጽሑፍ ነው። አናቱ አካባቢ በዶላር ምልክት የታጠረ «ቺካጎ» የሚል ቃል አለ፤ ዊንዶውስ 95 ገና በሥራ ላይ ሳለ የሚጠራበት የውስጥ ስም ነበር፣ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። ከዚያ በታች ክፍል ክፍል ተደርጎ ይወርዳል። የፓስወርድና የአካውንት መቆለፊያ ደንብ አንድ ክፍል፣ ምን ምን እንደሚመዘገብ አንድ ክፍል፣ ለማን ምን መብት እንደተሰጠ አንድ ክፍል፣ አድሚን ቡድን ውስጥ ማን ማን እንዳለ አንድ ክፍል፣ የሬጅስትሪ ዋጋዎች አንድ ክፍል። እያንዳንዱ መስመር ስም፣ የእኩል ይሆናል ምልክትና ዋጋ ነው። የመግቢያ ሙከራ ምዝገባ ፊት ለፊት 0 ከሆነ ምንም አይመዘገብም፤ 1 የተሳካውን፣ 2 ያልተሳካውን፣ 3 ሁለቱንም ነው።

ፋይሉ ሁለት ነገር ያደርጋል። ሴክኤዲት የሚባለውን ትዕዛዝ «ኮንፊገር» ካሉት ማሽኑን በፋይሉ ልክ ያስተካክለዋል። «አናላይዝ» ካሉት ምንም ሳይነካ ማሽኑን ከፋይሉ ጋር ያመሳክርና የሚለያዩበትን ያሳያል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። እኔ የምጓጓው ለሁለተኛው ነው። ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሽኑ በተስተካከለበት መገኘቱን የሚነግረኝ ግን ማመሳከሩ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ «ይህ ማሽን ደህና ነው ወይ?» ስባል የምመልሰው በግምት ነበር፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ሁላችንም።

ህዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል ነው፤ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ህዳር ሲታጠን ነውና ቆሻሻ ያልተቃጠለበት ደጅ የለም። ቢሮ የገባነው ጥቂቶች ነን።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ገና ሲያዩኝ፣ «አንተ ልጅ፣ አሥራ አራት ፊደል ፓስወርድ ልታሸክመን ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ግን ረጅም ይሁን እንጂ አስቸጋሪ አይሆንም» አልኳቸው።

አሥራ አራትን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ የዊንዶውስ ነባሩ ቅንብር ለዝቅተኛ ርዝመት የሚቀበለው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። በምትኩ ሁለት ነገር እተዋለሁ። አንደኛው ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት ቀላቅሉ የሚለው ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ባለበት ቢሮ ሁሉ የሰው ፓስወርድ አንድ መልክ ይይዛል፤ የራስ ስም፣ ኤት፣ 123። ገማች ሰው መጀመሪያ የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው በየጊዜው ቀይሩ የሚለው ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2009 ዓ.ም. ያለ ምክንያት አታስቀይሩ ብሏል፤ ማይክሮሶፍትም በ2011 ዓ.ም. ጊዜ ገደቡን ከራሱ መነሻ ቅንብር አውጥቶታል። በየጊዜው ቀይር የተባለ ሰው መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ እየጨመረ ይኖራል፣ ወይም ወረቀት ይለጥፋል። ቴምፕሌቱ ላይ የፓስወርድ ዕድሜ በሚለው ፊት ለፊት ሲቀነስ 1 ጻፍኩ፤ አያልቅም ማለት ነው።

ለጋሼ ግንኙነት የሌላቸው አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አያይዘው እንዲጽፉ ነገርኳቸው። ተረትና ምሳሌ አይሁን፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ይገምተዋል። በግዕዝ ፊደል ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፓወር ግዕዝ የሚሠራው ማሽኑ ውስጥ ከተገባ በኋላ ስለሆነ መግቢያው ላይ አይገኝም። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጻፉ። ደግመው ሲጽፉም አልተሳሳቱም። የተለጠፈውን ወረቀት ራሳቸው ልጠው ኪሳቸው ከተቱት።

ህዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር

የመጣሁት ለዳውንሎድ ነው። በሐሙሲት አድርገን፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ገባን። ወዳጄ ቤት ኢንተርኔቱ ደህና ስለነበር የማይክሮሶፍትን ሴኩሪቲ ኮምፕላያንስ ቱልኪት እስከ ማታ አውርጄ ጨረስኩ።

በዊንዶውስ 2000 ዘመን ዝግጁ ቴምፕሌቶች ከሲስተሙ ጋር አብረው ይመጡ ነበር፤ መሠረታዊ፣ ጠበቅ ያለ፣ በጣም የጠበቀ እየተባሉ። ያኔ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ሳይቀር የራሱን ቴምፕሌት ከነመመሪያው ለሕዝብ አውጥቶ ነበር። ከቪስታ ወዲህ እነዚያ ደረጃ ደረጃ የነበራቸው ፋይሎች ቀርተው መነሻ ቅንብሩ በቱልኪቱ ለብቻው ይታደላል።

የቱልኪቱ ፋይል ግን የተጻፈው ለሌላ ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው። አንዱን መስመር ብቻ ልጥቀስ። ማሽኑን በኔትወርክ በኩል እንዳይደርሱበት የሚከለከሉት እነማን ናቸው በሚለው ፊት ለፊት አንድ የመለያ ቁጥር ተቀምጧል፤ ትርጉሙ ማሽኑ ላይ የተፈጠረ አካውንት በሙሉ ማለት ነው። የሠራተኛው ሁሉ አካውንት በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር በሚተዳደርበት ቢሮ ይህ ግሩም ነው፤ አንዱን ማሽን የሰበረ ሰው በዚያው ፓስወርድ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያግደዋል። እኛ ዘንድ ግን ዶሜን የሚባል የለም፤ ያለን አካውንት ሁሉ ማሽኑ ላይ የተፈጠረ ነው። መስመሩ እንዳለ ቢጫን በማግስቱ ፕሪንተር የለም፣ የጋራ ፎልደር የለም። ቱልኪቱ ራሱ ከዶሜን ውጪ ላሉ ማሽኖች የሚላላ ምርጫ አለው፤ ይህን ሳያነብ የጫነ ሰው ግን ቢሮውን በአንድ ሌሊት ያቆመዋል። ሠራተኛው «ደህንነት» የሚባለውን ነገር የሚጠላው እንዲህ ካለው ቀን በኋላ ነው፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ከቱልኪቱ እያንዳንዱን መስመር ከወዳጄ ጋር እያነበብን ለእኛ የሚሆነውን ብቻ ወሰድን። የተውነውን ለምን እንደተውነው ጎን ለጎን በአማርኛ ጻፍን። ያ ጽሑፍ ታትሞ ቢሮው ፋይል ውስጥ ይገባል። እኔ ነገ ብዛወር የሚተካኝ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ያገኛል።

ህዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ የገንዘብ ክፍሉ ማሽን። ከሁሉ በፊት ያለውን ቅንብር ኤክስፖርት አድርጌ ቀኑን ስሙ ላይ ጽፌ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አዲስ ዳታቤዝ ከፍቼ ቴምፕሌቱን አስገባሁና አናላይዝ አልኩት። ብዙ አልቆየም። አረንጓዴ ምልክት የሚገጥመው ነው፣ ቀይ ኤክስ የማይገጥመው፤ የጥያቄ ምልክት ያለበት ደግሞ ፋይሉ ምንም ስላላለበት ያልተመሳከረ ነው።

ቀዩ በዛ። የፓስወርድ ዝቅተኛ ርዝመት ዜሮ። የመቆለፊያ ገደብ ዜሮ፤ ማንም የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊገምት ይችላል። እነዚህ ያልተነካ ማሽን ላይም የሚገኙ ስለሆኑ አልደነቀኝም። የቆምኩት አንድ መስመር ላይ ነው። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለው አካውንት እዚያው ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ እንዲጠቀምበት፣ በኔትወርክ በኩል ግን እንዳይገባበት አድርጎ ነው የሚመጣው። ፓስወርድ በሌለው ማሽን ላይ የቀረችው ጥበቃ እሷ ናት። እሷም ጠፍታለች፤ ሰው በእጁ ነው ያጠፋት። ፎልደር ለማጋራት ሲቸገር ይሆናል። ስለዚህ የቢሮውን ኔትወርክ ያገኘ ማንኛውም ስልክና ላፕቶፕ ያለ ፓስወርድ የገንዘብ ክፍሉ ማሽን ውስጥ መግባት ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ማሽኑ ሲሠራ ያው ነው፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደመወዝ ያወጣል።

የገንዘብ ክፍሉ ሠራተኛ እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው ያዩ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ፓስወርድ እየገመተ የሚሞክር ሰው ቢኖር ይታወቃል?»

«ከዛሬ ወዲያ ይታወቃል እትዬ። ያልተሳካውም ሙከራ እንዲመዘገብ ይደረጋል።»

«ያለፈውስ?»

ያለፈውን ማውጣት እንደማልችል ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲህ ፓስወርዱን አሁኑኑ እናውጣለት» አሉ።

ኮንፊገር ከማለቴ በፊት መመለሻ ፋይል አወጣሁ። ሴክኤዲት ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን የፋይልና የሬጅስትሪ ፈቃዶችን አይመልስም። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ክፍሎች ከቴምፕሌታችን ጭራሽ አስወጥቻቸዋለሁ። መመለስ የማልችለውን ነገር በሰው የሥራ ማሽን ላይ አልጭንም። መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ስለዋለ የጫንኩት ወደ ማምሻው ረጋ ሲል ነው። ፓወር ግዕዝ አድሚን ባልሆነ አካውንት ይከፈት እንደሆነ ሞከርን፤ ተከፈተ። የሁሉም ሥጋት እሱ ነበር።

ህዳር 23፣ ማክሰኞ

አካውንት ስንት ጊዜ ሲሳሳት ይቆለፍ በሚለው ላይ ክርክር ነበር። አንዱ ባልደረባችን ሦስት ይሁን አለ። ሦስት ማለት ጠዋት ካፕስ ሎክ ያልጠፋለት ሰው ባለጉዳይ ሰልፍ ፊት ተቆልፎ ይቀመጣል ማለት ነው፤ ክፉ ሰው ደግሞ የሌላውን ስም እየጻፈ ሦስቴ በመሳሳት ብቻ ቢሮውን ሥራ ሊያስፈታ ይችላል። አሥር ሙከራ፣ አሥር ደቂቃ ብለን ተስማማን፤ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ይዞ የሚመጣውም ይህንኑ ነው። ፓስወርዱ ረጅም ከሆነ በአሥር ሙከራ የሚገኝ ነገር የለም።

ህዳር 29፣ ሰኞ

ሦስት ሰዎች አድሚንነታቸው እንዳይነሳ አጥብቀው ለመኑኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ «ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን የምናስተካክለው እኛ ነን።»

ሄጄ አየሁ። የማሽኖቹ የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቷል። ማታ ሶኬቱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። ሰዓት መቀየር ደግሞ ዊንዶውስ ለተራ ተጠቃሚ የማይሰጠው መብት ነው። ስለዚህ ሰዓት ለማስተካከል አድሚን ሆኑ፤ አድሚን ሆነው ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ይከፍታሉ፣ ከየሰዉ የመጣ ፍላሽ ይሰካሉ። ሳያውቁ የከፈቱት ቫይረስም በእነሱ ሥልጣን እንዳሻው ይሆናል። የዚህ ሁሉ መነሻ እንደ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 ባትሪ ናት።

የምዝገባውም ነገር በዚህ ተበላሽቶ ነበር። መዝገቡን የሚያሳየውን ኢቨንት ቪዊውር ከፍቼ 4625ን፣ ያልተሳካ መግቢያ የሚመዘገብበትን ቁጥር፣ ብፈልግ ከፊሉ የዚህ ሳምንት፣ ከፊሉ ከዓመታት በፊት ሆኖ ተደበላልቋል። ሰው ቢከሰስ ወይም ነጻ ሊወጣ ቢፈልግ ይህ መዝገብ ማስረጃ አይሆንም።

ባትሪዎቹ ከባሕር ዳር መጡ፤ ከሰዓት በኋላ ስንከፍት ስንገጥም ዋልን። የሰዓት መቀየር መብት ለአድሚንና ለሲስተሙ የውስጥ አገልግሎት ብቻ ተብሎ ቴምፕሌቱ ላይ ተጻፈ። ማንም አልተቃወመም። የቢሮው ኃላፊ መዝገቡን ራሳቸው ማየት ስለሚፈልጉ የሰዓቱን አቆጣጠር አስረዳኋቸው፤ 08:47 የሚለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ47 ነው። ቀኑንም ወደ እኛ የሚመልስ ሠንጠረዥ አትሜ ሰጠኋቸው።

ታህሳስ 3፣ ዓርብ

ፍላሽ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ደብዳቤውም፣ ሪፖርቱም፣ ፎቶውም የሚሄደው በፍላሽ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ጊዜ ማሽኖቹ አፕዴት አላገኙም፤ ቫይረሱ ግን ከፍላሽ ፍላሽ መዞሩን አላቋረጠም።

ቴምፕሌቱ ውስጥ ባለው የሬጅስትሪ ዋጋዎች ክፍል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ለየትኛውም ዓይነት ድራይቭ አውቶራን እንዳይሠራ የሚያደርግ፣ ዋጋው 255። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ በፍላሽ የተሰራጨው በዚሁ አውቶራን በኩል ነበር፤ በኔትወርክ ደግሞ ቀላል ፓስወርድ እየገመተ ይገባ ነበር። ሾርትከት ቫይረስ የምንለውን ግን ይህ መስመር አያስቆመውም፤ እሱ የሚነሳው ሰው ፎልደር መስሎት ሾርትከቱን ሲጫነው ነው። ለዚያ መድኃኒቱ አድሚን አለመሆንና የታደሰ አንቲቫይረስ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎልደሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት አይቶ እጅን መሰብሰብ ነው። ዛሬ ለሁሉም በፕሮጀክተር አሳየኋቸው።

ቴምፕሌት ሁሉን እንደሚችል አድርጌ ማውራት አልፈልግም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ የሚያስቆመው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴቱ ነው፤ የፓስወርድ ደንብ አይደፍነውም። ለዊንዶውስ 10 የተራዘመው የአፕዴት ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገውን ለኃላፊው በደብዳቤ አቅርቤያለሁ።

ታህሳስ 8፣ ረቡዕ

ዳግም ማመሳከር። መዝገብ ቤት ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ። ገንዘብ ክፍል ላይ ሁለት ቀይ። የጌስት አካውንት ተከፍቷል፤ በኔትወርክ እንዳይገቡ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥም ጌስት ወጥቷል። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሰው በፓስወርድ የተጠበቀ ማጋራት የሚለውን አጥፍቶታል።

እትዬን ጠየቅኳቸው። ሰኞ ዕለት አዲስ ፕሪንተር ሊያገናኝ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ከሌላው ክፍል አላትም ቢለው ነገር ነካክቶ ሠራለት። የአድሚኑን ፓስወርድ ማን ሰጠው ስል ኃላፊው ራሳቸው አስገብተውለታል። ባለሙያው የተጠራበትን ሥራ ሠርቶ ነው የሄደው፤ ቢሮው ምን እንደወሰነ የነገረው ሰው አልነበረም። የዛሬ ሁለት ወር ቢሆን ይህ በር ተከፍቶ ይቀር ነበር፤ ማንም አያየውም።

ለማተሚያ ብቻ የሚሆን አንድ አካውንት ከነፓስወርዱ ፈጠርኩ፤ ሌሎቹ ማሽኖች ፕሪንተሩን በእሱ እንዲያገኙት አደረግኩ። ቴምፕሌቱን መልሼ ጫንኩ፣ አናላይዝ አልኩ፣ ቀዩ ጠፋ። ከሦስቱም ክፍል አንድ አንድ ገጽ አሳተምን፤ ወጣ።

ማታ ለባለሙያው ደወልኩለት። አልተቀየመም። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ፋይል ካለ እኔም እኮ የምዞርባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው» አለኝ። የእኛን አካውንት ስሞች አስወጥቼ ፋይሉን ልልክለት ተስማማን። እንዳለ እንዳይጭነው፣ መጀመሪያ የማሽኑን ቅንብር ኤክስፖርት አድርጎ እንዲያመሳክር ነገርኩት።

«እሺ፤ ግን ምክንያቱን የጻፋችሁበትንም ወረቀት አብረህ ላከው» አለኝ።